ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር፦ ስለ መጠጥና መቆያ (ጅማ)

ሲስተር፦ እንዴት አመሻችሁ ጅማዎች፣ እስከ 3 ሰዓት አለሁ። ስትጠይቁ ምን ያህል እንደምትጠጡ ጻፉ። የስኳር ወይ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳታናግሩ ምንም እንዳትቀይሩ።

የቆጪ ልጅ፦ ሲስተር ለስላሳ ትቼ ቀሪቦ ብቻ ነው የምጠጣው፣ የገብስ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

ሲስተር፦ ይቺን ነበር የምጠብቀው። ገብሱ ምን አጠፋ፣ ተቆልቶ ፈልቶ ይጠለላል፣ ጣጣው ከዛ በኋላ እርሾና ስኳር ሲገባ ነው። እኛ ቤት ለ5 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ኪሎ ስኳር ነበር የምንጨምረው፣ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳካፍለው ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ 25 ግራም ሆነብኝ፣ እርሾው የተወሰነ ቢበላውም 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ወደ 32 ግራም አለው፣ ስለዚህ ብዙም አልራቅክም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ከ25 በታች ቢሆን ደግሞ ይሻላል ነው የሚለው። ለዘንድሮው ኢድ ስኳሩን በግማሽ ቀንሼ፣ ገብሱን ጠቆር አድርጌ ቆልቼ ዝንጅብል ጣል አረግኩበት። አማቴ ፉት አሉና "ልጄ፣ ስኳር ጠፋ እንዴ?" አሉኝ። ጀሪካኑ ግን ማታ ባዶ ነበር።

ሄርማታ፦ ማርስ? ስኳር አይደለም አይደል?

ሲስተር፦ ስኳር ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ጠብታም አይሰጥ።

አጂፕ ሰፈር፦ ጫት ላይ ለስላሳ ካልጠጣሁ አይሆንልኝም ምን ይሻለኛል

ሲስተር፦ ስለ ጫት ዛሬ አልገባም። ስለ ለስላሳው ጽፌያለሁ፣ ማንኪያ ቁጠር።

አባ ቡና፦ ቡናን በስኳር ያበላሹት ከተሜዎች ናቸው፣ አያቴ በጨው ነበር የምትጠጣው

ፈረንጅ አራዳ፦ ጨውስ ግፊት አያመጣም?

አባ ቡና፦ አያቴ ግፊት የሚባል አታውቅም

ፈረንጅ አራዳ፦ ሳትለካ እንዴት ታውቃለች ወንድሜ

የቆጪ ልጅ፦ ቡና ቀላ (በቅቤ የሚጠበሰው የቡና ፍሬ) ላይ ያለውን ቅቤስ ምን ልትሉት ነው

ሲስተር፦ ኧረ እናንተዬ! ጨውም በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ ከወጡ ጋር ተደምሮ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፣ የጅማ ሰው ሆኖ ሲኒ ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር መገልበጥ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትሉ 6 ማንኪያ በአንድ ቁጭታ አለቀ፣ ማታም ትደግሙታላችሁ። በየሳምንቱ ሩብ ማንኪያ ቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል።

የወር ልጅ፦ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ኪኒን ጀምሬያለሁ፣ ቡና ልተው?

ሲስተር፦ እህቴ ጥሩ ጠየቅሽ። ቡናም ሻይም ብረቱ በደንብ እንዳይገባ ያግዱታል፣ ስለዚህ ከምግቡም ከኪኒኑም ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው። ኪኒኑን በውሃ ዋጪና ብርቱካን ብዪበት። ቡናው በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ይበቃል። ክትትል የምታደርጊበት ቦታም ስለ ቡናው ንገሪያቸው።

ሚሚ፦ ጤናማ መክሰስ ንገሪን

ሲስተር፦ ለማን? ዕድሜው? እንዲህ አትጠይቁኝ ብዬ ነበር።

ሚሚ፦ ውይ ይቅርታ፣ ለ4 ዓመት ልጄ የትምህርት ቤት መቆያ

ሲስተር፦ ሙዝ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ቅቅል ስኳር ድንች፣ በኮዳው ውሃ። የፓኬት ጁሱን ተዪው። ሙሉ ለውዝና ጠንካራ ቆሎ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፣ ያንቃል። ለትልልቆቹ ለውዝ ስትገዢ ደግሞ አሽትተሽ ግዢ፣ እዚህ እርጥበት ነው ቶሎ ይሻግታል፣ የሻጋታው መርዝ ደግሞ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተውን ጣዪው።

ፈረንጅ አራዳ፦ የአቮካዶ ጁስስ?

ሲስተር፦ ያለ ሽሮፕ በላቸው።

ዘግይቼ ገባሁ፦ ሰላም ሲስተር፣ ቀሪቦ ለጤና ጥሩ ነው?

ሲስተር፦ ወደ ላይ! 3 ሰዓት ሆነ፣ ደህና እደሩ።

የቆጪ ልጅ፦ ሲስተር ሳትሄጂ፣ ዝንጅብሉ ስንት ነው?

ሲስተር፦ አውራ ጣት የምታክል አንድ። ከእርሾው በፊት።