ለዳር ሰፈር የሚወዳደር ዕጩ ምን ያስቀድም? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ምርጫ ሲቃረብ የደብረ ብርሃን ዳር ሰፈር ነዋሪዎች ጥያቄ ይዘው ይመጡብኛል። በማዘጋጃ ቤት ቴክኒክ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የዕድራችንም ጸሐፊ ነኝ። የቦዩም የመንገዱም ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለማንም ፓርቲ አልቀሰቅስም። ተደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰፈራችን የመጣው ዕጩ አስፋልት፣ ሆስፒታል፣ ሥራ፣ ሁሉንም አመጣለሁ ይላል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም ወንድሜ። አስቀድመህ የሚወዳደርበትን ወንበር ጠይቀው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ ያለው የአገር ሕግ አውጪ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው ዋና መንገድ፣ የፌዴራል በጀት፣ ግብር፣ እነዚህ የዚያ ቤት ጉዳዮች ናቸው። ሆስፒታሉና ክልሉ ለከተሞች የሚያከፋፍለው ገንዘብ የክልል ምክር ቤት ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት ግን የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ እዚህ ላይ ያለው ክፍተት ነው። የከተማ፣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። በ2013ቱ ምርጫም የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ተመረጡ እንጂ እንደ እኛ ያሉ ከተሞች ተራ አልደረሳቸውም። በ2005 ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ራሱ መራጭ ሆኗል፤ ስለ ደጃፉ ቦይ የሚጠይቀውን ሰው ግን መርጦ አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው «የአካባቢ ምርጫ እንዲካሄድ እታገላለሁ» ካላለ እኔ ለዳር ሰፈር አስቧል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ከሁሉ የሚቀድመው ምንድን ነው? እኛ ኮብልስቶን ነው የምንለው።

መልስ፦ ቦዩ ይቅደም። ይህን ስል ብዙ ሰው ይከፋዋል፤ ምክንያቱም ቦይ አይመረቅም፣ ሪባን አይቆረጥለትም። ግን ያለንበትን መሬት እዩት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ነን፤ አፈራችን በአብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይዞ ያብጣል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው መውረጃ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ይሄዳል፤ ከድንጋዩ ሥር ያለውን አሸዋ አጥቦ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ድንጋይ ይነቃነቃል፣ ባጃጅ ሲረግጠው ይወጣል፣ ጎረቤቱም ይከተለዋል። ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ያስነጠፈው ኮብልስቶን ሁለት ክረምት ሳይሻገር ሲፈርስ ያየ ሰው ለቀጣዩ መዋጮ እጁን አይዘረጋም። እኔም አልፈርድበትም።

ከቤቴ በታች መንገዱን የሚያቋርጥ አንድ ቱቦ አለ። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት አፉ በሃይላንድ ጠርሙስና በፌስታል ተወትፏል፤ ከላይ ደለል ተጭኖበት ሣር በቅሎበታል። ቱቦው ራሱ ደህና ነው። ዝናብ ሲጥል ግን ውሃው ዞሮ ከታች ወዳሉት ቤቶች ግቢ ይገባል። ይህን ለመጥረግ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፤ ሰኔ ሳይገባ ለአንድ ሳምንት የሚሠሩ ወጣቶች፣ አካፋና ደለሉን የሚያነሳ መኪና ይበቃል። ስለዚህ ዕጩውን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ያሉት ቦዮች በየዓመቱ ከግንቦት በፊት እንዲጠረጉ በጀት ታስይዛለህ? ሁለተኛ፣ አዲስ መንገድ ሲነጠፍ የመንገዱ ዳር ቦይ (ዲቹ) አብሮ ካልተሠራ ርክክብ እንዳይፈጸም ትከራከራለህ? በዚህ በኩል ያለው ጎርፍ መጨረሻው በሬሳ ወንዝ ነው፤ ከየት ተነስቶ በየት በኩል እንደሚወርድ ሳይጠና የሚቆፈር ቦይ የአንዱን ሰፈር ጎርፍ ወደ ሌላው ሰፈር ከመላክ አያልፍም።

ጥያቄ፦ አባባ፣ የኛ ጭንቀት ውሃ ነው። በፈረቃ እየተባለ ሌሊት ትመጣለች፣ አንዳንዴም ጭራሽ አትመጣም። ዕጩው ምን ሊያደርግልን ይችላል?

መልስ፦ ልክ ነሽ ልጄ፤ ብዙ እናቶች ከቦይ በፊት ውሃ ይላሉ፣ እኔም አልከራከራቸውም። መለኪያውን ግን እወቂ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው ግብ በሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። ይህ ለአንድ ሰው አራት ባለ 20 ጀሪካን ነው። አምስት ቤተሰብ ካለሽ በቀን ሃያ ጀሪካን ማለት ነው። ስንቱ እንደሚደርስሽ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የከተማችን ቁጥር በ1999ኙ ቆጠራ 65,231 ነበር። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰው አምጥተዋል፤ ዙሪያ ያሉ የገጠር ቀበሌዎችም ወደ ከተማ ገብተዋል። አዲስ ጉድጓድ ማስቆፈርና ትልቅ መስመር መዘርጋት የክልሉንና የፌዴራሉን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዕጩው «በአንድ ዓመት አስገባለሁ» ካለሽ አትመኚው። በአንድ ዓመት የሚቻለው ሌላ ነው፦ የፈረቃው ቀንና ሰዓት በየሰፈሩ ተለጥፎ እንዲታወቅ፣ ፈረቃው ለመሐልና ለዳር እኩል እንዲሆን፣ መስመር ባልደረሰበት ሰፈር ቦኖ እንዲቆም። ሌሊት በስምንት ሰዓት ቧንቧ የምትጠብቅ ሴት ሰዓቱን ብታውቅ እንኳ ግማሽ እንቅልፏን ታገኛለች።

ጥያቄ፦ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ማታ ሽፍት ስወጣ መንገዱ ጨለማ ነው፤ ደመወዙም ቤት ኪራይ አይሸፍንም።

መልስ፦ እህቴ፣ ደመወዙን ከተማው አይወስንም። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ እሱ የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደረውን አጥብቃችሁ ያዙት። አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ገድቧል፤ ከዚያ በላይ ከሠራሽ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መብትሽ ነው። መብራቱ ግን እዚሁ የሚያልቅ ነው። ከፋብሪካ በር እስከ ሰፈር ያለው መንገድ እንዲበራ፣ ሽፍት በሚለቀቅበት ሰዓት ታክሲና ባጃጅ እንዲመደብ ማስደረግ የአንድ ቆራጥ ተመራጭ ሥራ ነው። ማታ ስለሚሄዱ ሴቶች አንዲት ቃል የሌለው የምርጫ ፕሮግራም ለኔ ጎደሎ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ካርታ የለውም፣ የጨረቃ ቤት ይሉናል። ዕጩው ካርታ አሰጣለሁ አለን።

መልስ፦ ተጠንቀቁ። የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ 721/2004 የሚተዳደር ነው፤ በጨረታና በምደባ እንጂ በአንድ ሰው ቃል አይሰጥም። ሊልላችሁ የሚችለው «መመሪያው የሚፈቅድላችሁ በተራችሁ እንድትስተናገዱ፣ ዝርዝሩም በግልጽ እንዲለጠፍ አደርጋለሁ» ነው። ለካርታ ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ካለ አትስጡት።

ጥያቄ፦ እኔ ገበሬ ነኝ። ከተማው ወደ ማሳዬ እየመጣ ነው። ለዳር ሰፈር ስትሉ እኛንስ ታስባላችሁ?

መልስ፦ ዳር ሰፈር ማለት መጀመሪያ እናንተ ናችሁ። አዋጅ 1161/2011 ሲወጣ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካሳው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሰላ አድርጓል፤ ቀድሞ በ10 ነበር። ግን ገንዘብ ብቻውን ያልቃል። ገብስና ስንዴ ሲያርስ የኖረ ሰው እጁ ላይ የገባውን ካሳ ምን ላይ እንደሚያውል የሚያማክረው፣ ልጆቹን ሙያ የሚያስተምርለት ከሌለ በጥቂት ዓመት የቀን ሠራተኛ ይሆናል። ዕጩው ስለ ካሳው መጠን ብቻ ሳይሆን ስለ መልሶ ማቋቋሙ ምን ዕቅድ እንዳለው ይንገርዎት።

ጥያቄ፦ ከወለጋ የተፈናቀሉትስ? አንዳንዱ ሰው ውሃውን ተሻሙብን ይላል።

መልስ፦ እንዲህ መባሉ ያሳዝነኛል። ቤት ንብረታቸውን ጥለው የመጡ ወገኖቻችን ናቸው። ከተማው ሲያቅድ እነሱን ቆጥሮ ማቀድ አለበት፤ ካልቆጠራቸውም የሚጎድለው የሁላችንም ነው። ዕጩ ድምፅ ለማግኘት ነባርና መጤ እያለ ከከፈለ ሌላው ሁሉ ነገሩ ቢያምር እንኳ እኔ ድምፄን አልሰጠውም።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ዕድሜህ 18 ከሞላና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር ከኖርክ ትችላለህ። የቤት ባለቤት መሆን አይጠየቅም። የነዋሪነት መታወቂያህን ግን ከአሁኑ አስተካክል፤ ምዝገባ ሲደርስ ቀበሌ ይጨናነቃል። መወዳደር ከፈለግክ ዕድሜው 21 ነው።

ጥያቄ፦ ከተመረጠ በኋላ ስልኩን ቢያጠፋስ?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ለማንሳት ይችላል ይላል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙም አናይም። እስከዚያው በዕድራችሁ ስብሰባ ላይ አምጡት፤ የገባውን ቃል በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ አስፈርሙት። በየሦስት ወሩ ሰፈር መጥቶ እንዲያስረዳ ቀኑን አብራችሁ ቁረጡ። በዕድር ፊት የተፈረመ ወረቀት በአዳራሽ ከተጨበጨበለት ንግግር ይበልጥ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን ጥያቄ ለመንግሥት መቼ እናቅርብ? ሰኔ ላይ ስንሄድ በጀት አልቋል ይሉናል።

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ግን የሚዘጋጀው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። ሰኔ ላይ የምትሄዱት ገንዘቡ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ነው። ጥያቄያችሁን ጥርና የካቲት ላይ አስገቡ፤ የቦዩን ርዝመት በሜትር ለክታችሁ፣ የተጎዱትን ቤቶች ቆጥራችሁ፣ ፎቶ አያይዛችሁ። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አድርጉት፤ አንዱን መዝገብ ቤት ማኅተም አስመትታችሁ እናንተ ያዙት። መለኪያ ሜትር የሌላችሁ ወደ እኔ ኑ፣ አብረን እንለካለን።