በሟች ስም ብስክሌት ለመጋለብ ለምታስቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በካንሰር የተለያችሁን አባት፣ እናት ወይም እህት ለማሰብ፣ በስማቸውም ለሕክምናና ለምርምር የሚውል ገንዘብ ለማሰባሰብ ረጅም የብስክሌት ጉዞ ለመሄድ ስትወስኑ ምክር እየጠየቃችሁኝ ነው። የሙያ ዘመኔን ያሳለፍኩት እዚህ ማሳቹሴትስ ውስጥ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ በመመርመር ሲሆን፣ ታላቅ እህቴ ካረፈች በኋላም እኔው ራሴ በስሟ ጋልቤአለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። በሟች ስም ስትጠይቁ ሰው የሚሰጠው ለእናንተ ጉልበት ሳይሆን ለእርሱ ነው፤ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ የያዛችሁት አደራ ነው ማለት ነው።

በየዓመቱ በኦገስት የመጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ እዚህ ማሳቹሴትስ የሚካሄደውን፣ ለካንሰር ገንዘብ የሚሰበሰብበትን የብስክሌት ጉዞ ፓን-ማስ ቻሌንጅን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። መሥራቹ ቢሊ ስታር እናቱን በሜላኖማ፣ ማለትም በቆዳ ካንሰር፣ ያጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር፤ ጉዞው የተጀመረው ግን በ1980 ነው። በዚያ ዓመት 36 ሰዎች ከስፕሪንግፊልድ ተነሥተው እስከ ኬፕ ኮድ ጫፍ፣ እስከ ፕሮቪንስታውን ጋልበው ለዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም 10,200 ዶላር አስገኙ፤ ዛሬ ድምሩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ሰው ሁሉ የሚደነቀው በገንዘቡ ነው፤ እኔ ግን ለወጣት ሐዘንተኛ የማነሣለት በመካከል ያሉትን ስድስት ዓመታት ነው። የለቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ ለመመዝገብ የሚቸኩል ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚሸሸው ከቤቱ ነው፤ ከቤቱ ሸሽቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ የእናቱን ፊት ለማየት ጊዜ አይኖረውም። ቢያንስ ሙት ዓመቱ ይለፍ።

ከገንዘቡም የሚቀድመው ፈቃድ ነው። በእኛ ዘንድ ካንሰር በስሙ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ይባላል፣ አንዳንዴም ታማሚው ራሱ ሳይነገረው ያርፋል፣ ለቀብር የመጣው ሰውም «ትንሽ አሟት ነበር» ተብሎ ይሸኛል። የገንዘብ ማሰባሰቢያው ገጽ በአንጻሩ የሟቹን ፎቶግራፍ፣ የሕመሙን ዓይነት፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰበትንም ሥቃይ እንድትጽፉ ይጋብዛችኋል። የእናንተ አባት የእናታችሁ ባል፣ የአያታችሁም ልጅ ነበርና ሁሉንም ሳታማክሩ አትጻፉ። ቦስተን የተጻፈው በዚያው ቀን ደሴ ወይም ሐዋሳ ይደርሳል፤ አገር ቤት ላሉ አዛውንት መርዶው ገና ያልተነገረበት ጊዜም አለ። እናት «ስሙን ተወው» ካለች ስሙን ተዉት፤ ስም ሳይጠሩ ማሰብም ይቻላል። ይህ ምክር ኋላ ቀር ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ካንሰር በግልጽ መነጋገር ብዙ ሴቶቻችንን በጊዜው ለጡት ምርመራ እንደሚያበቃ እኔም አምናለሁ፤ ነገር ግን ግልጽነቱ መጀመር ያለበት ሳሎን ውስጥ፣ ከእናታችሁ ጋር ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። በእንደነዚህ ዓይነት ጉዞዎች የሚመዘገብ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ገንዘብ አሰባስባለሁ ብሎ ይፈርማል። መጠኑ እንደ መንገዱ ርዝመት ብዙ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ የጎደለው ከፈረመው ሰው ክሬዲት ካርድ ላይ ይቆረጣል፤ የመመዝገቢያው ክፍያም ለብቻው ነው። ስለዚህ ማንም ባይሰጣችሁ ከኪሳችሁ መሸፈን የምትችሉትን አስቀድማችሁ አስሉ፤ ከሐዘን ላይ ዕዳ የሚጨምር ልጅ ቤተሰቡን አላጽናናም። ፓን-ማስ ጋላቢዎች የሚያሰባስቡትን ገንዘብ መቶ በመቶ ለዳና-ፋርበር ይሰጣል፤ ሌሎች አዘጋጆች ግን የጉዞውን ወጪ ከስጦታው ላይ ሊቀንሱ ይችላሉና ሳታፍሩ ጠይቁ። ድርጅቶቹ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያስገቡት፣ ገቢና ወጪያቸውን የሚያሳየው ቅጽ 990 ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከማስታወቂያው ይልቅ እርሱን እመኑ።

የእኛ ሰው ደግሞ በጥሬ ገንዘብ መስጠት ይወዳል። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት 20 ዶላር አጣጥፈው በመዳፋችሁ ያስቀምጡና «ለነፍሱ ይሁን» ይሏችኋል። ገንዘቡን እዚያው በስማቸው መዝግቡት፤ በግል የባንክ ሒሳባችሁ ውስጥ አታሳድሩት፣ በስማቸውም ለድርጅቱ አስገቡላቸው። ባንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ስጦታውን ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ለማስቀነስ ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ገንዘቡ በእናንተ ስም ከገባ ማረጋገጫውም ለእናንተ ይመጣል፣ የሰጪው ድርሻ ይጠፋል። ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል የሚጨምሩ መሥሪያ ቤቶችም ስላሉ ሰጪዎቻችሁ አሠሪያቸውን እንዲጠይቁ ንገሯቸው፤ ብዙ ገንዘብ የሚቀረው ባለመጠየቅ ነው።

ስለ ሰውነት ዝግጅት ባለሙያዎቹ ከእኔ የተሻለ ይነግሯችኋል። የዛሬው የፓን-ማስ መንገድ ከስተርብሪጅ ከተማ እስከ ፕሮቪንስታውን በሁለት ቀን ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነውና ልምምዱ በማርች ይጀመር፤ ብስክሌቱ በቁመታችሁ ይስተካከል፤ ሄልሜት ያላደረገ ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁት አትውጡ። አንድ ነገር ግን በእንግሊዝኛ በተጻፉት መመሪያዎች ውስጥ አታገኙትም። ረጃጅም ልምምዶች የሚበዙበት ጁን በአብዛኛው በሐዋርያት ጾም ውስጥ ይወድቃል፤ ፍልሰታም የምትገባው ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ነው። በባዶ ሆድና ያለ ውኃ ለሰዓታት በፀሐይ መጋለብ ራስን ስቶ እስከ መውደቅ ያደርሳል፤ ስለዚህ የምትጾሙ ከሆነ አስቀድማችሁ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፣ ወይም በጾሙ ወቅት ልምምዱን ከምግብ በኋላ ወደ አመሻሽ አዙሩት። መጋለብ የማይችል ዘመድም አይገለል፤ ምግብና ውኃ በሚታደልባቸው ማረፊያዎች በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል።

ጉዞው ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሰጡት ሁሉ ምስጋና ጻፉ፤ ለአዛውንቱ በአማርኛ፣ ቢቻል በእጅ ጽሑፍ ይሁን። ከዚያም የሰጪዎቹን ስም ዝርዝር አትማችሁ ለእናታችሁ ስጧት። መጠኑን ማየት ላትፈልግ ትችላለች፤ ስሙን ግን ትፈልገዋለች፣ ምክንያቱም ነገ በእነርሱ ቤት ለቅሶ ሲሆን ማን ዘንድ መድረስ እንዳለባት ማወቅ አለባት።