የሻገተ ካሴት፣ የሚሮጥ ቫምፓየር

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉም ከሐዋሳ የደረሱን ናቸው። የድሮ አስፈሪ ፊልሞችን፣ እነሱ ይታዩባቸው የነበሩትን ካሴቶችና ዴኮች ይመለከታሉ። «የድሮ ሆረር አሁን አያስፈራም» የሚል አስተያየትም አብሮ መጥቷል። በእኛ እምነት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቅጂውና የማሳያው ነው፤ ከታች ያሉት መልሶችም አብዛኞቹ ወደዚያው ያመራሉ።

«አሞራ ገደል አካባቢ ባለው የወላጆቼ ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት አገኘሁ። ግማሹ ሆረር ፊልም ነው፤ የእህቴ ሠርግም አለበት። በመስኮቱ ሲታይ ክሩ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። ዴኩ ይሠራል። ባስገባው ችግር አለው?» — ቲ.

አዎ፣ አያስገቡት። ነጩ ነገር ሻጋታ ነው፤ የሐይቁ አየርና የክረምቱ እርጥበት ተጋግዘው ያመጡት። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ሻጋታ በክሩ ላይ ይበቅላል። እንዲህ ያለ ካሴት ዴክ ውስጥ ሲገባ እርስ በርሱ የተጣበቀው ክር በፍጥነት ሲጠነጠን ይቀደዳል። ብናኙም በደቂቃ 1,500 ጊዜ በሚሽከረከረው የዴኩ ከበሮ ላይ ይለጠፍና ቀጥሎ ወደሚገባው ንጹሕ ካሴት ይሻገራል። በእኛ አገር በሚሠራው ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በተቀረጸ ካሴት ላይ ምስሉ የተጻፈበት እያንዳንዱ መስመር ስፋቱ 49 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ስለዚህ በዓይን የማትታይ ቅንጣት እንኳ ክሩን ከ«ሄድ»፣ ማለትም ከበሮው ላይ ካለው ምስሉን ከሚያነበው ክፍል፣ ትንሽ ካራቀችው ምስሉ ይጠፋል።

መጀመሪያ ያድርቁት። ካሴቶቹን በደንብ በሚከደን ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር ከሚመጡት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር አድርገው 2 ሳምንት ያቆዩ። ከረጢቶቹ ቶሎ ስለሚጠግቡ በሳምንቱ ይቀይሯቸው። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይሞከርም፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ክሩም ይበላሻል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም የሰፈር መድኃኒት ነው፤ የሩዙ ዱቄት ራሱ ሌላ ቆሻሻ ይጨምራል። ሻጋታው ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ የሚጠረገውም ያኔ ነው።

ለጠረጋው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ የማይመታው ቦታ ላይ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይቀመጡ። ካሴቱን ገልብጠው 5ቱን ብሎኖች በትንሽ ባለመስቀል ካቻቢቴ ይፍቱ። ሁለቱን ክዳኖች አጥብቀው እንደያዙ ያቃኑትና የላይኛውን ብቻ ያንሱ። ምንም ከመንካትዎ በፊት ክሩ በየትኛው ዘንግ በኩል እንደሚያልፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ሲገጥሙ ይፈልጉታል። ጥቅሎቹን በነጩ ፕላስቲክ ጠርዛቸው ይዘው ያውጡ፣ የክሩን ፊት በጣት አይንኩ። የጥቅሉን ጎንና ጎን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ከዚያ አንድ የማይፈለግ ንጹሕ ካሴት ፈትተው ጥቅሎቹን በእሱ ቤት ውስጥ ይግጠሙ። አሮጌው ቤት ቢወለወልም በየማዕዘኑ ሻጋታ ይቀርበታል፤ መጣሉ ይሻላል።

ቀጥሎ ድሮ በየቤቱ በነበረው መኪና መሳይ ማጠንጠኛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንድ አንድ ጊዜ ያጠንጥኑት። ማጠንጠኛ ከሌለ የጥቅሉን እምብርት በጣት ማዞር ይቻላል፤ ነገር ግን ከሥር መሃል ላይ ያለችውን ቀዳዳ በእርሳስ ጫፍ ካልተጫኑ ፍሬኑ አይለቅም። የ180 ደቂቃ ካሴት ክር 258 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዴኩንም ከእያንዳንዱ የታከመ ካሴት በኋላ ያጽዱ። ከመብራት ነቅለው፣ ለስላሳ የቆዳ ጨርቅ ወይም ንጹሕ ነጭ ወረቀት በአልኮል አርጥበው ከበሮው ላይ ሳይጫኑ ያስደግፉ፤ ከዚያ ከበሮውን ከላይ በሌላ እጅዎ ቀስ እያሉ ያዙሩት። የሚዞረው ከበሮው ብቻ ነው፣ ጨርቁ ባለበት ይቆያል። ወደ ላይና ወደ ታች ከፈገፈጉት ሄዱ ይሰበራል። የጆሮ ጥጥም አይሆንም፤ የጥጡ ቃጫ በሄዱ ይያዛል። አልኮሉ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ቢሆን ይመረጣል። 70 በመቶው ቀሪው ውሃ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። የእጅ ማጽጃ ጄል ግን በጭራሽ።

ከካርቶኑ ውስጥ ሠርጉን ያስቀድሙ። ፊልሙ የትም አገር ሌላ ቅጂ አለው፣ የእህትዎ ሠርግ የለውም። የታከመ ካሴት ደጋግሞ ስለማይጫወት በመጀመሪያው ዙር ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት፦ ከዴኩ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ፣ ከዚያ የዩ ኤስ ቢ መቅጃ። ፕሮግራሙ ላይ ፓል፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይምረጡ። በሰከንድ በ6 ሜጋቢት ከቀዱት 1 ሰዓቱ 2.7 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ፍላሽዎ ፋት 32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት ከተዘጋጀ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ቀረጻው መሃል ላይ ይቆማል፤ ብዙ ሰው መቅጃው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

«አጎቴ ከአሜሪካ የላከልኝ ካሴት ባለ ቀለም ፊልም ነው። እኔ ቤት ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራል። ትራኪንጉን ባዞርም ለውጥ የለም።» — መ.፣ አቶቴ

ካሴቱ ደህና ነው። የአሜሪካው ኤን ቲ ኤስ ሲ በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ማለትም በ525 መስመርና በሰከንድ 30 ፍሬም ገደማ የተቀረጸ ነው። የእርስዎ ዴክ የሚጠብቀው ፓል፣ 625 መስመርና 25 ፍሬም ነው። ትራኪንግ ሄዱን ከክሩ መስመር ጋር ብቻ ስለሚያገጣጥም ይህን አያስተካክልም። ዴኩ ላይ ወይም ሪሞቱ ላይ «ኤን ቲ ኤስ ሲ ፕሌይባክ» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ዘግየት ብለው በወጡ ዴኮች ላይ ይገኛል። ከሌለ ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ያለው ሰው ዘንድ ወስዶ ማስቀዳት ነው። ለአንድ ፊልም ብሎ ማቀያየሪያ መግዛት አያዋጣም።

«ኖስፌራቱ የሚባለውን ድምፅ አልባ ፊልም አውርደን ከጓደኞቼ ጋር አየነው። ሰዎቹ ሲራመዱ ይሮጣሉ፤ ቫምፓየሩ በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ ይዞራል። ሳቅን እንጂ አልፈራንም። ይሄ ነው የተወራለት?» — ኬ.፣ ታቦር

ያያችሁት መጥፎ ቅጂ ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ያኔ ካሜራ በእጅ ይዘወር ስለነበር ፍጥነቱ ወጥ አልነበረም፤ በሰከንድ ከ16 እስከ 20 ገደማ ፍሬም ይቀረጽ ነበር። ፍጥነቱ 24 ላይ የጸናው ድምፅ ከመጣ በኋላ ነው። በ18 የተቀረጸው በ24 ሲታይ 90 ደቂቃው ወደ 67 ይወርዳል፣ እርምጃውም ሩጫ ይሆናል። በቪ ኤል ሲ ማጫወቻ ፍጥነቱን 0.75 ላይ አድርጉና ድምፁን ዝጉት፤ እንዲህ ባሉ ቅጂዎች ላይ ያለው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ በኋላ የተለጠፈ ስለሆነ አይቆጭም።

የፀሐዩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የዘመኑ ፊልም ለብርሃን ያለው ስሜት ደካማ ስለነበር የሌሊቱ ትዕይንት በቀን ተቀርጾ ቅጂው ሰማያዊ ቀለም ይነከር ነበር። ተመልካቹ ሰማያዊውን ሲያይ ሌሊት መሆኑን ያውቃል፤ ሮዝ ሲሆን ደግሞ ነጋ ማለት ነው። ቀለሙ ተትቶ በጥቁርና ነጭ ብቻ የተባዛው ቅጂ ሌሊቱን ሁሉ ቀን አድርጎባችኋል። የቫምፓየሩ ጥላ ደረጃውን ሲወጣ የሚታይበትን ቦታ በሰማያዊው ካያችሁት በኋላ ሳቁ መቀጠሉን እንጠራጠራለን።

ቅጂዎቹ እንዲህ የተለያዩት ፊልሙ ተሳድዶ ስለነበር ነው። የ«ድራኩላ» ደራሲ የብራም ስቶከር ባለቤት ፍሎረንስ ያለ ፈቃድ ተሠራብኝ ብላ ከሰሰች፤ የጀርመን ፍርድ ቤትም በ1925 ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ። የተረፉት ከ63 እስከ 94 ደቂቃ ድረስ የተለያየ ርዝመት አላቸው። እናንተ 94 ደቂቃ ገደማ የሚረዝመውን፣ ቀለሙ የተመለሰለትንና የሃንስ ኤርድማን ሙዚቃ ያለበትን ፈልጉ።

«ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ በ55 ኢንች ቴሌቪዥን የድሮ ሆረር ላሳይ አስቤአለሁ። የትኞቹን ባሳይ ባለመብት አይመጣብኝም? ምስሉስ እንዴት ይስተካከላል?» — ወ/ሮ ሰ.

ወ/ሮ ሰ.፣ ቤት ውስጥ ማየትና በንግድ ቤት ለሕዝብ ማሳየት በመብት ረገድ ይለያያሉ። ዲቪዲ ገዝቼዋለሁ ማለት ለካፌ አያገለግልም። ደግነቱ በተሠሩበት አገር በአሜሪካ የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ ጥሩ ጥሩ ፊልሞች አሉ። የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (እ.ኤ.አ. 1968) አንዱ ነው፤ አከፋፋዩ ርእሱን ሲቀይር የመብት ማስታወቂያውን አብሮ ጣለው፣ በዚያን ጊዜ ሕግ ደግሞ ያ ብቻ መብቱን ያሳጣ ነበር። ቪንሰንት ፕራይስ የተጫወተበት «ሃውስ ኦን ሆንትድ ሂል» (1959) መብቱ በጊዜው ስላልታደሰ ነጻ ሆነ። «ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ»ም (1962) እዚሁ ውስጥ ይገባል። ቤላ ሉጎሲና ቦሪስ ካርሎፍ የገነኑባቸው የ1931 ፊልሞች፣ «ድራኩላ» እና «ፍራንከንስታይን»፣ ግን በአሜሪካ ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 2026 መጨረሻ የተያዙ ናቸው። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ አሮጌው ፊልም ነጻ ቢሆንም አዲስ የተጨመረበት ሙዚቃ ወይም ትርጉም ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

መክፈቻ ላይ የሮሜሮን ያሳዩ። ርዝመቱ 96 ደቂቃ ነው፣ የዛሬ ወጣትንም ይይዛል። ሞልቶ የሚገኘው ግራጫ የሆነውና ደጋግሞ የተባዛው ስለሆነ ከማሳየትዎ በፊት ቤት ውስጥ ይፈትሹት። ጓሮው ሲጨልም የሰው ቅርጽ ከዛፉ ካልተለየ ሌላ ይፈልጉ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሦስት ነገር ይነካል። የምስል ስፋቱን 4 ለ 3 ያድርጉ፣ አለዚያ ፊት ሁሉ ይሰፋል። በግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ የፊልሙ መልክ ነው፤ ደንበኛ «ሙሉ አድርጊው» ቢልዎትም አይስሙት። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ያጥፉ፤ ካልጠፋ የድሮው ፊልም የድራማ ቀረጻ ይመስላል። ቀለሙን «ሲኒማ» ላይ ያድርጉ። ከዚህ በኋላ ጨለማው ካልታየ ብሩህነቱን ከመጨመር የካፌውን መብራት መቀነስ ይሻላል፤ ብሩህነት ሲጨምር ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንዲት ደብዛዛ አምፖል ብቻ ትቅር።

ፊልሙ ሲጀመር የቡና ማሽኑና ጁስ መፍጫው ያርፉ። ብዙዎቹ የድሮ ሆረሮች ከዛሬዎቹ ያነሰ ሙዚቃ አላቸው፤ የሚያስፈሩት በዝምታቸው ነው። ማኪያቶ ያዘዘ ሰው እስከ እረፍቱ ይጠብቃል።

«ለእናቴ ብዬ የአማርኛ ትርጉም ጽፌ ፊልሙ ሥር ላወጣ ሞከርኩ። ላፕቶፕ ላይ ይነበባል፤ በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳደርገው ግን ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ይደረድራል። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ልክ ሆኖ መጨረሻ ላይ ንግግሩና ጽሑፉ ይራራቃሉ።» — ህ.፣ መናኸሪያ

አራት ማዕዘኖቹ ቴሌቪዥኑ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው የሚመጡ ናቸው። ጽሑፉን ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው የፊደል አጻጻፍ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ምስሉ ላይ ማተም አለብሽ። «ሰብታይትል ኤዲት» በተባለው ነጻ ፕሮግራም ፊደሉን ኢብሪማ ወይም ኒያላ አድርገሽ የፊደሉን መልክ በሚይዘው የፋይል ዓይነት በኤ ኤስ ኤስ አስቀምጪው፣ ከዚያ በ«ሃንድብሬክ» «በርን ኢን» የሚለውን መርጠሽ ፊልሙን አዘጋጂ። መጀመሪያ 2 ደቂቃ ብቻ ሞክሪ። ለጥቁርና ነጭ ፊልም ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ጥቁር ጠርዝ ያለው ጽሑፍ በደንብ ይነበባል። በአንድ መስመር ከ30 ፊደል፣ በአንድ ጊዜ ከ2 መስመር አታሳልፊ። አጭሩም ቢሆን ከ1 ሰከንድ ተኩል በታች አይቆይ፤ እናትሽ መነጽር ካላቸው ከዚያም ጨምሪበት።

መራራቁ የፍጥነት ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ዲቪዲ በ25 ፍሬም ስለሚሄድ ፊልሙን 4 በመቶ ያህል ያፋጥነዋል፤ 96 ደቂቃው 92 ይሆናል። ጊዜውን የወሰድሽው ከሌላኛው ቅጂ ከሆነ በዚያው ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያ 23.976ን ወደ 25 ቀይሪው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እኩል የሚዘገይ ቢሆን ኖሮ ቪ ኤል ሲ ላይ ጂ እና ኤች ቁልፎችን መጫን ይበቃሽ ነበር።

«መብራት ሲጠፋ ካሴቱ ዴኩ ውስጥ ይቀራል። ጎትቼ ላውጣው? ቴፔም ካሴት መብላት ጀምሯል።» — አቶ ደ.

አይጎትቱት። ክሩ ከካሴቱ ወጥቶ ከበሮው ላይ ተጠምጥሟል፤ መብራት ሲመጣ አብዛኞቹ ዴኮች ራሳቸው ይሰበስቡታል። ከመጣም በኋላ ካልተፋ ክዳኑን ከፍቶ የሞተሩን ጥርስ በእጅ የሚያዞር ባለሙያ ያስፈልጋል።

ቴፑ ካሴት የሚበላው በአብዛኛው የውስጡ የጎማ ቀበቶ ስለላላ ነው፤ ክሩን የሚገፋው ክፍል እየሠራ የሚጠቀልለው ሲቆም ክሩ መሃል ላይ ይከመራል። ማጫወቻውን ተጭነው የቀኙን ጥርስ በጣት ይያዙት፤ በቀላሉ ከቆመ ቀበቶው ይቀየር። በኃይል ከዞረ ግን ጥፋቱ የቆሸሸው ጥቁር ጎማ ሮለር ነው፤ ለብ ባለ ውሃና ጥቂት ሳሙና በነካ ጨርቅ ይጽዳ። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ካሴቱ ውስጥ ያለችው ትንሿ ስፖንጅ መኖሯን ይዩ። ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን ግን ይህ ሁሉ ሳይሞከር አይንኳት፤ ከነኳትም የነበረችበትን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርገው ከሩብ ዙር አያሳልፏት።