ለመስከረም ሠርግ «አን ፕሪመር» አትዘዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። «ወንድሜ መስከረም ላይ ያገባል። 36 ጠርሙስ የሻቶ ካርቦኒዮ ነጭ ወይን ኢንተርኔት ላይ ከሱቅ ረክሶ አገኘሁ። ከዋጋው አጠገብ አን ፕሪመር ይላል። ልዘዝ ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልሽው። አትዘዢ። ካርዱን ወደ ቦርሳሽ መልሺ። ወይኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ወይኑ ድንቅ ነው፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። (ሻቶ የሚሉት ወይን የሚተከልበትንና የሚጠመቅበትን ርስት ነው።) ግን ለዘንድሮ መስከረም አይደርስልሽም። ለከርሞ መስከረምም አይደርስም።

እኔ ልክ ያንቺን ስህተት ሠርቻለሁ። ጠርሙሱ ራሱ 36 ነበር። ስለዚህ ታግሰሽ አንብቢኝ። በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1ኛ. «አን ፕሪመር» ማለት ቅናሽ ማለት አይደለም። ቦርዶ የፈረንሳይ የወይን አገር ነው፤ ካርቦኒዮም ከዚያ ነው የሚመጣው። የቦርዶ ነጋዴዎች በየዓመቱ በጸደይ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ ባለፈው መኸር የተለቀመውን ወይን ገና በርሜል ውስጥ እያለ ይሸጡታል። እኛ አገር ገበሬ ሲቸግረው እህሉን በቡቃያው ይሸጥ የለ? እንደዚያ በይው። አንቺ ብሩን ዛሬ ትከፍያለሽ። ጠርሙሱ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ይመጣል። ዋጋው ዝቅ ያለው ለዚህ ነው። የምትገዢው ወይን ሳይሆን ተስፋ ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ፈረንሳይ አገር ቱሉዝ ከተማ ነው። በፈረንጆቹ 2015 ግንቦት ላይ ለሠርጋችን ወይን ፍለጋ ጀመርን። ሠርጉ መስከረም መጨረሻ ነበር። ጠጁን አክስቴ ልትጥል ቃል ገብታለች። ቀዩን ወይን የባለቤቴ ወንድም ችሎታል። ነጩ የእኔ ድርሻ ሆነ። ከዚያ በፊት የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ቤቱ ጋብዞኝ ካርቦኒዮ ነጭ አቅምሶኝ ነበር። ጣዕሙ አፌ ላይ ቀርቷል። ለሠርጌም ሌላ ነገር አልፈለግኩም። ኢንተርኔት ላይ የ2014ቱን ሳየው ከሱቁ በጠርሙስ ስድስት ሰባት ዩሮ ይቀንሳል። ከስምንት መቶ ዩሮ በላይ በአንድ ጊዜ ከፈልኩ። ለሚዜዎቼም ደውዬ አወራሁ። ደስታዬን ብታዪው!

2ኛ. ያየሽው ዋጋ ሙሉ ዋጋ አይደለም። «ኦር ታክስ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ከሥር ፈልጊ። ግብር አልተጨመረበትም ማለት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ወይን ላይ 20 በመቶ ግብር አለ፤ እሱን የሚጠይቁሽ ወይኑ ሲመጣ ነው። የማጓጓዣውም እንደዚሁ ነው። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ለግብር ብቻ ከ160 ዩሮ በላይ ጨመርኩ። ያ ሁሉ «ቅናሽ» የት ገባ?

3ኛ. «ኢንተርኔት ላይ የገዛሁትን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ እችላለሁ» ብለሽ አትጽናኚ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ሕግ ይህን መብት ይሰጣል፤ ግን ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ፣ ከ30 ቀን በፊት ሊደርስ የማይችልና የገበያ ዋጋው ከፍ ዝቅ የሚል መጠጥ ከዚህ ውጭ ነው። ሕጉ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ልክ ለአን ፕሪመር የተሰፋ ልብስ ነው።

ይህን ያወቅኩት ነሐሴ ላይ ነው። ሠርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ብዬ ለሻጩ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። ስልኩን ያነሣው ሰውዬ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ጌታዬ፣ ወይንዎ እኮ ገና ጠርሙስ ውስጥ አልገባም» አለኝ። ሠርግ እንዳለብኝ ነገርኩት። «ውሉን አላነበቡም?» አለኝ። በእጁ ካለው ወይን ቀይሮ እንዲሰጠኝ፣ ልዩነቱን እንደምከፍል ነገርኩት። አይቻልም። ኃላፊ እንዲያገናኘኝ ለመንኩ። ኃላፊው እረፍት ላይ ነው። የኢሜይል አድራሻ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። አንድም መልስ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ስደውል ያው ሰውዬ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ፣ «ፕ-ሪ-መ-ር» አለኝ። እኔ እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ፈረንሳይኛ የመሥሪያ ቤት ቋንቋዬ ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ይህን እቀበላለሁ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ግን ሰው ስምንት መቶ ዩሮ ከፍሎ እንደዚያ አይነገረውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሠርጉን ያተረፈልኝ የመስከረም የወይን ገበያ ነው። ይህን ልብ በይ፤ ለአንቺም የሚጠቅምሽ ይኸው ነው። እዚህ አገር ትላልቆቹ ሱፐርማርኬቶች በየዓመቱ መስከረም መግቢያ ላይ፣ አንዳንዶቹ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምረው፣ የወይን ገበያ ያወጣሉ። «ፋር ኦ ቫን» ይሉታል። ከባለቤቴ ጋር ሄደን አንትር-ደ-ሜር የሚባለውን ደረቅ ነጭ ወይን በስምንት ዩሮ ገዛን። እሱም የቦርዶ ነው፤ ከጋሮንና ከዶርዶኝ ወንዞች መሐል ካለው አገር ይመጣል። እንግዳው ጠጥቶ መረቀን። ማንም «ካርቦኒዮ የት አለ?» ብሎ አልጠየቀም። እኔ ግን በሆዴ ጠይቄያለሁ።

4ኛ. መለያ ወረቀቱን በደንብ እዪ። ካርቦኒዮ ቀይም ነጭም ይጠምቃል፤ ወረቀቱ ደግሞ ይመሳሰላል። «ብላን» የሚለውን ቃል ሳታዪ አትክፈዪ፤ ነጭ ማለት ነው። «ፔሳክ-ሌኦኛን» የሚለውም መኖር አለበት። ይህ በ1987 ግራቭ ከሚባለው ሰፊ የወይን አገር ተለይቶ ለብቻው የተሰየመ የወይን አካባቢ ነው፤ ከቦርዶ ከተማ በስተ ደቡብ ነው ያለው። በ1959 በጸደቀው የግራቭ የደረጃ ምደባ 16 ሻቶዎች ገብተዋል። በቀዩም በነጩም የተመደቡት ስድስት ብቻ ናቸው። አንዱ ካርቦኒዮ ነው። ስለዚህ ምርጫሽ የልብ ነው። ጉዳዩ የጊዜ ነው።

5ኛ. ሄጄ ካላየሁ ካልሽ ቀጠሮ ያዢ። እኔ በ2016 ጸደይ ላይ «ቢያንስ የከፈልኩበትን ቦታ ልይ» ብዬ ተነሣሁ። ከቱሉዝ ቦርዶ ወደ 245 ኪሎ ሜትር ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ሌላ ሻቶ አየንና ገባን። በሩ ላይ የነበረው ሰው ከመኪና ሳንወርድ በእጁ አባረረን። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ባትሆንም ደክሟት ነበር፤ መጸዳጃ ቤት እንኳ አልፈቀደላትም። እዚያ አገር አብዛኛው ሻቶ ያለ ቀጠሮ ሰው አይቀበልም። ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ግን እኛ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ውሃ ሳይጠጣ አይሄድም።

ካርቦኒዮ በሳምንቱ በቀጠሮ ሄድን፤ እዚያ ግን በክብር ነው የተቀበሉን። ግንብ ግንብ ያሉት ያረጀ ግቢ ነው። ሌኦኛን ላይ፣ ጠጠር በበዛበት ጉብታ ላይ ተቀምጧል። ግራቭ የሚለው ስምም ከጠጠሩ የመጣ ነው። ከጉብታው ሥር «ነጭ ውሃ» የሚሉት ጅረት ይወርዳል። ያስጎበኘችን ልጅ ታሪኩን ስትነግረን ቁጭ ብዬ ሰማሁ። በ1741 ቦታውን የገዙት የቦርዶው የቅዱስ መስቀል ገዳም ቤኔዲክታውያን መነኮሳት ናቸው። ነጩን ወይን ስመ ጥር ያደረጉት እነሱ ናቸው ይባላል። ቁስጥንጥንያ ለነበረው የቱርክ ሱልጣን ቤተ መንግሥትም ይልኩ ነበር አሉ። እስላም ቤት ወይን እንዴት ይገባል? ጠርሙሱ ላይ «የካርቦኒዮ የማዕድን ውሃ» ብለው ይጽፉበት ነበር ይላል ትውፊቱ። መለያው ላይ የምታዪው ዛጎልም የመንፈሳዊ ተጓዦች ምልክት ነው፤ ስፔን ወዳለው ሳንቲያጎ ለመሳለም የሚሄዱት የሚይዙት።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የ1956ቱ ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ቦርዶን ከባድ ውርጭ መታው። ብዙ የወይን ተክል ከሥሩ ሞተ። ፔረን የሚባሉት ቤተሰቦች ከአልጄሪያ መጥተው ካርቦኒዮን የገዙት በዚያው በ1956 ነው። ቤቱ ፈርሷል፣ ማሳው ተጎድቷል። እንደገና ተክለው አቆሙት። እስከ ዛሬ በእነሱ እጅ ነው። ከአፍሪካ ተነሥቶ የሰው አገር መጥቶ ከምንም መጀመርን እኛ እናውቀዋለን። የዚያን ቀን ንዴቴ ትንሽ በረደ።

ጓዳውንም አየን። ነጩ ውስጥ የሚበዛው ሶቪኞን ብላን የሚባለው የወይን ፍሬ ዓይነት ነው፤ ቀሪው ሴሚዮን የሚባለው። በርሜል ውስጥ ወራት ሲቆይ አምቡላው አይወጣም። ጠጅ የሚጥል ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እነሱ ግን ሆን ብለው ከአምቡላው ጋር ያቆዩታል። አልፎ አልፎም ማማሰያ በሚመስል ረጅም ዘንግ ያማስሉታል። ወይኑ አፍ ላይ ወፈር የሚለው ከዚያ ነው። የቦርዶ ነጭ ወይን በ1980ዎቹ እንዲህ እንዲለወጥ ብዙ የደከሙት ዴኒ ዱቡርዲዩ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው። እኛ በጎበኘንበት ዓመት ነው ያረፉት።

6ኛ ላይ ስለ ምግብ ልጽፍ ነበር። ባጭሩ፦ ፈረንሳዮች ከአርካሾን ባሕር ከሚወጣው ኦይስተር ጋር ነው የሚጠጡት፤ ዛጎል ውስጥ ያለ የባሕር ፍጥረት ነው። የእኛ ሰው ኦይስተር አይነካም፤ ስለዚህ የሱቁን ምክር ተዪው። ከተጠበሰ ዓሣ ጋር አቅርቢው። ከአይብና ከጎመን ጋርማ አትጠይቂኝ። ሶቪኞን ለፍየል አይብ የተፈጠረ ነው ይላሉ፤ የእኛ አይብ ከእሱ አይርቅም። ዶሮ ወጥ ጋር ግን አታጋጪው፤ በርበሬው ያጠፋዋል። ከፍሪጅ አውጥተሽ ሩብ ሰዓት አቆይው። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። በጣም ከቀዘቀዘ ውሃ ነው የምትጠጪው።

የእኔ 36 ጠርሙስ የመጣው በ2017 ግንቦት ላይ ነው። ሳጥኑን ያመጣው ልጅ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አልወጣም ብሎ ሕንፃው መግቢያ ላይ ጥሎት ሄደ። እኔ በየተራ ተሸክሜ አወጣሁ። ቤት ውስጥ የሁለት ወር ተኩል ሕፃን ነበረች። ከሳምንት በኋላ 80 ቀን ሞላት፤ ክርስትና ተነሣች። ለሠርግ ያዘዝኩትን ወይን ለልጄ ክርስትና ከፈትኩት። የትርንጎ ሽታ ነበረው። አለቃዬ ቤት የቀመስኩት ጣዕም እሱ ራሱ ነበር። ባለቤቴ እያጠባች ስለነበር አንድ ጉንጭ ብቻ ቀምሳ «አሁን ታረቅከው?» አለችኝ። ታረቅኩት። ሻጩን ግን አይደለም።

አምስት ጠርሙስ ደብቄ ነበር። አምና አንዱን ስከፍት ያቺው ጠጅ የጣለችልን አክስቴ ነበረች። አሥር ዓመት ሞልቶታል። መልኩ ወደ ወርቅ ሄዷል። ብርጭቆውን አሸተተችና «ማር ገብቶበታል እንዴ?» አለች። አልገባበትም። ሴሚዮን ሲያረጅ እንደዚያ ነው። አርባ ዓመት ጠጅ የጣለች ሴት ማር ሸተተኝ ካለች እኔ ሌላ ምስክር አልፈልግም።

እና ያንቺን ነገር እንዲህ አድርጊ። ካርቦኒዮ ካልሽ «ሊቭራብል» የሚል የተጻፈበትን ፈልጊ፤ ዛሬ ሻጩ እጅ ላይ ያለ ማለት ነው። ሦስት አራት ዓመት የሞላው ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ዋጋው «ቴ ቴ ሴ» መሆኑን እዪ፤ ግብሩ ገብቶበታል ማለት ነው። የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበዪ። ዕቃው ሐምሌ ሙቀት ላይ መኪና ውስጥ እንዳይውል ወይ አሁኑኑ ይምጣ፣ ወይ ነሐሴ መጨረሻ ይሁን። 36 ሙሉም አያስፈልግሽ ይሆናል። አንድ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ይሞላል። እንግዳው 120 ቢሆን ለጽዋ ማንሻ 20 ጠርሙስ ይበቃል። ለቀረው ማዕድ የመስከረሙን ገበያ ጠብቂ።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ያየሽውን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ውሉንም ጨምሪ፤ ስድስተኛውን ገጽ አትርሺ። ዛሬ ማታ እስከ አምስት ሰዓት አልተኛም፤ አብረን እናነበዋለን።