ላሞች ለምን አንዱን ሳር ትተው ሌላውን ይመርጣሉ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ግጦሽ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንብቤያለሁ። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጥያቄ፦ መስኬ ላይ ሰርዶና ሰንበሌጥ አለ። ላሞቼ ሰርዶውን ልጭት አድርገው ሰንበሌጡን አቁመውት ይሄዳሉ። ጣዕሙ ነው?

ጣዕምም አለበት፤ ዋናው ግን ቅጠሉ ነው። ላም የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም። ሳሩን በምላሷ ጠቅልላ፣ በታችኛው ጥርሷና በላይኛው ድዷ ይዛ ትበጥሰዋለች። ስለዚህ በአንድ ጉርሻ ብዙ ለስላሳ ቅጠል የሚሰጣትን ትፈልጋለች። ሰንበሌጥ ሲያፈራ አገዳው ይጠነክራል። ለመበጠስ ያደክማል፣ ሲያመሰኩትም ቶሎ አይደቅም። ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ላሟ ሌላ መኖ የምትጨምርበት ቦታ አይኖራትም። ሰርዶ ግን በተጋጠ ቁጥር አዲስ ቅጠል ያወጣል።

ያው ሰንበሌጥ በክረምቱ መጀመሪያ ለጋ ሳለ ይበላል። የሳሩን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ዕድሜውን እዩ።

ጥያቄ፦ ለምለሙን ሳር ትተው ያልፋሉ፤ ይገርመኛል።

ጠጋ ብለው ይዩት፣ ሥሩ እበት ይኖራል። እበቱ መሬቱን ስለሚያዳብር ሳሩ ይለመልማል፤ ከብቶቹ ግን ሽታውን ይሸሻሉ። ይህም ከሆድ ትላትል ይጠብቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ለምን አጥብቀው ይግጣሉ?

ሳር ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ሌሊት ደግሞ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ወደ ማታ ላይ ይጣፍጣል። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ማሳ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የታጨደ ድርቆሽ ለከብቶች ቀርቦ፣ የከሰዓቱን መርጠዋል። እረኛው ከ10 ሰዓት በፊት እየነዳ የሚያስገባ ከሆነ፣ የጅብ ስጋት እስከሌለ ድረስ ትንሽ ቢያቆያቸው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከሌላ አገር የገዛኋት ጊደር ዝሆኔ ሳር አልበላም አለች። ታማ ይሆን?

ሌላውን መኖ እየበላች፣ እያመሰኳችም ከሆነ አትስጉ። ጥጃ የሚበላውን ከእናቱ ነው የሚማረው። የማያውቀውን መኖ ትንሽ ቀምሶ ይተዋል፤ ሆዱ ከተስማማው ይደግማል፣ ካመመው ይጠላዋል። ሳሩ ሰው ቁመት ሳይደርስ አጭዳችሁ፣ ከትፋችሁ፣ ከለመደችው ድርቆሽ ጋር ቀላቅሉላት። ጨው ያለበት ውኃ ርጭት ማድረግም ይረዳል። ዝሆኔ ሳር የምትበላ ላም አጠገብ ካሰራችኋት ደግሞ ቶሎ ትለምዳለች።

ጥያቄ፦ ማገጥ ስለሚወዱ ማገጥ ብቻ ላብላቸው?

በፍጹም! ማገጥ (ሳር ሳይሆን ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው የመስክ ተክል) ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ቶሎም ይፈጫል፤ ለዚህ ነው የሚወዱት። ግን የተራበች ላም ለጋ ማገጥ ላይ ብትለቀቅ ሆዷ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። መጀመሪያ ጭድ ወይም ድርቆሽ አብሏት። ራሳቸው እንዲመርጡ ሲተዉ እንኳ ላሞች ማገጥ መሰል ተክል ብቻ አይበሉም፤ ሣርም ይቀላቅላሉ።

ጥያቄ፦ አፈር ይልሳሉ።

ጨው ወይም ማዕድን ጎድሏቸው ሊሆን ይችላል። አሞሌ ወይም ቦሌ (ከብት የሚልሰው ማዕድን ያለበት አፈር) አቅርቡላቸው።

ጥያቄ፦ የሚጠሉት ሳር መስኩን እየወረሰው ነው። ምን ይሻላል?

ይህ ጥያቄ ያሳስበኛል፤ ብዙ የወል ግጦሽ መሬት የተጎዳው እንዲህ ነው። ከብቱ የሚወደውን ሳር ደጋግሞ ሲግጠው ሥሩ ይዳከማል። አክርማን የመሰለው ጠንካራ ሳር ግን ሳይነካ ያፈራል፣ ዘሩን ይበትናል። ከብቶቹ መስኩ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከዋሉ ይህ አይቀርም።

መስኩን ከፋፍላችሁ በተራ አስግጡ። ሰርዶው እስኪያገግም ድረስ አንዱን ክፍል ዝጉት። የተጠላውን ሳር ዘር ሳይዝ እጨዱት። ለድርቆሽ የከለላችሁትንም ክብደቱ ይጨምር ብላችሁ እስኪደርቅ አትጠብቁ። ዝናቡ እንዳባራ፣ ማበብ ሲጀምር እጨዱ። በኅዳር መጨረሻ የታጨደው ክምሩ ትልቅ ቢሆንም ከግርግም ግማሹ ተመልሶ ይጣላል።