አጋዘኑ ይቆያችሁ፣ ፍልፈሉን አስቀድሙ

ልጆቼ፣ በዱር እንስሳት ጥበቃ ለመሥራት ወደ ባሌ የምትወጡ ወጣቶች የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ካለባት ከተማ ከዲንሾ እንደ ደረሳችሁ የምትጠይቁትን አውቀዋለሁ፤ «አጋዘኑ የት አለ?» ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ ያንኑ ስለ ጠየቅሁ አልፈርድባችሁም። የደጋ አጋዘን ማለዳ በጋይሳይ ሜዳ ጤዛው ላይ ቆሞ፣ ጠምዛዛ ቀንዱን ቀና አድርጎ ሲያያችሁ ሌላ እንስሳ ትዝ አይላችሁም። ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በ10 ሳንቲማችን ላይም ተቀርጿል። (በነገራችን ላይ፣ የዋላ ወገን ነው የሚላችሁን አትስሙ። ዋላ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ አጋዘናችን ግን አንዴ ካበቀለ እስኪሞት ይዞት ይኖራል።)

ፍልፈሉን ግን ማንም አይጠይቅም። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም፤ አጋዘኑ እንኳ በአርሲና በሐረርጌ ተራሮችም አለ፣ ግዙፉ ፍልፈል ግን የባሌ ብቻ ነው። ቢከብድ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ስለ ተቀመጡ ጭንቅላቱን ብቅ ሲያደርግ አስቀድሞ የሚያየው ሰማዩን ነው። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ እየነጨ ይሰበስብና ወደ ኋላው ይገባል። በደጃፉ ያለው ሣር ሲያልቅ ያንን አፍ በአፈር ደፍኖ ሌላ ይከፍታል።

ይህን ሳላውቅ ነበር ሳነቴ በተባለው የባሌ ከፍታ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠራ የወጣሁት። ያገኘሁትን ጉድጓድ ሁሉ አንድ አንድ ፍልፈል ብዬ መዘገብሁ። አንድ ሽማግሌ ጥበቃ መዝገቤን አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ አንተ የቆጠርኸው በሩን ነው፤ ባለቤቱን መቼ አየኸው?» አሉኝ።

አጋዘን እየተራመዳችሁ ይቆጠራል፤ ፍልፈል መቀመጥ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር መነጽራችሁን ከሜዳው አንሡና አንድ ጉድጓድ ምረጡ፤ ድፍኑ ገና እርጥብ የሆነውን። ጋቢ ያዙ፣ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል።

ሽማግሌው በማግስቱ እንዲህ ካለ ጉድጓድ ፊት አስቀመጡኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ አፈሩ ከውስጥ ተገፋ፣ ሰፊ ጭንቅላት ብቅ አለና ወዲያው ጠፋ። ደስታዬን ልነግራቸው ዞር ስል በጣታቸው ወደ ቀኝ አመለከቱኝ። ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት አንድ ቀይ ቀበሮ ሣሩ ላይ ተለጥፎ ያንኑ ጉድጓድ ይጠብቅ ነበር።