ደብዳቤዎ ስልክ ላይ ሲደርስ ለምን ይቆራረጣል?

የአንድ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጸሐፊ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የማኅበራችንን ወርሃዊ ደብዳቤ ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ጽፌ ለአባላት እልካለሁ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያምራል። አባላቱ ስልክ ላይ ግን አንዱ መስመር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ እየሆነ ይደርሳል። ለማንበብ ያታክታል ይሉኛል። የሚገርመው ባለፈው ወር የላክሁት ደህና ነበር። ቫይረስ ገብቶበት ይሆን?»

ቫይረስ አይደለም፤ አይጨነቁ። ኮምፒውተርዎን ፎርማት እናድርገው የሚልዎት ሰው ካለም እሺ አይበሉ። የመልሱን ግማሽ ደግሞ ጥያቄዎ ውስጥ አስቀምጠውልኛል፦ «ባለፈው ወር የላክሁት ደህና ነበር።» ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ይክፈቷቸው። ያለፈው ወር ላይ ርዕሱን አድምቀውታል ወይም ቀለም ሰጥተውታል ብዬ እገምታለሁ። የዚህ ወሩ ግን ተራ ጽሑፍ ብቻ ይመስለኛል።

ልዩነቱ ይኸውልዎ። ኢሜይል በሁለት መልክ ይላካል። አንዱ ኤችቲኤምኤል ነው፤ ድምቀት፣ ቀለምና ሥዕል ይይዛል፣ መስመሩም እንደ ስክሪኑ ስፋት ይተጣጠፋል። ሌላው ፕሌን ቴክስት የሚባለው ነው፤ ፊደልና ክፍት ቦታ ብቻ። ተንደርበርድ ሲጫን ምርጫውን «አውቶማቲክ» ላይ አድርጎ ነው የሚመጣው። ደብዳቤው ውስጥ ድምቀት ወይም ቀለም ካየ በኤችቲኤምኤል ይልከዋል። ምንም ካላየ «ተራ ጽሑፍ ነው» ብሎ በፕሌን ቴክስት ይሰደዋል። ምን እንደመረጠ ቆሞ አይነግርዎትም። ፕሌን ቴክስት ሲልክ ደግሞ በየ72 ፊደሉ አካባቢ መስመሩን ይቆርጠዋል። የስልክ ስክሪን 72 ፊደል በአንድ መስመር አይችልም። ስለዚህ ስልኩ የተቆረጠውን መስመር እንደገና ያጥፈዋል። ያቺ ሁለት ቃል ብቻዋን የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

እርስዎ ጋ ለምን አምሮ እንደሚታይ ልንገርዎት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተንደርበርድ መስመሩን ሲቆርጥ በመስመሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ክፍት ቦታ ይተዋል። ትርጉሟ «ይህን መስመር እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ከሚቀጥለው ጋር አገናኘው» ማለት ነው። ዘዴው በ1999 ተደንግጎ በ2004 ተሻሽሏል። ተንደርበርድ የራሱን ምልክት ስለሚያውቅ የተላኩ መልእክቶች ውስጥ ሲከፍቱት መስመሮቹን መልሶ ያያይዛቸዋል። ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ግን ምልክቷን ከቁም ነገር አይቆጥሯትም። ስለዚህ የላኩትን እዚያው ተንደርበርድ ላይ ከፍቶ «ደህና ነው» ማለት ፈተና አይሆንም። ወደ ራስዎ ልከው ስልክዎ ላይ ያንብቡት።

አሁን ወደ ማስተካከያው። የእንግሊዝኛ ምናሌ ይዘው እንደሆነ ወስጄ ስሞቹን እንደሚነበቡ እጽፋለሁ።

«ሴቲንግስ» ይክፈቱ፣ በግራ በኩል «ኮምፖዚሽን» የሚለውን ይጫኑ። ወረድ ሲሉ «ሴንዲንግ ፎርማት» የሚል ያገኛሉ። አውቶማቲክ ላይ ያለውን ምልክት አንስተው «ቦዝ ኤችቲኤምኤል ኤንድ ፕሌን ቴክስት» ላይ ያድርጉት፤ ሁለቱንም ላክ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ርዕስ ቢያደምቁም ባያደምቁም ደብዳቤው በሁለቱም መልክ ይሄዳል። የአባላቱ ስልክ ኤችቲኤምኤሉን መርጦ በራሱ ስፋት ያጥፈዋል። ለአንድ ደብዳቤ ብቻ መቀየር ከፈለጉ ደግሞ በሚጽፉበት መስኮት «ኦፕሽንስ» ውስጥ ይኸው ምርጫ አለ።

ይህ ለእርስዎ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅዎ አላልፍም። በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር ይጫናሉ?

አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ችግሩ ይኸው ሆኖ አገኘሁት። ሴቲንጉን ሁሉ አስተካክዬ ስጨርስ ደብዳቤው አሁንም ተቆራርጦ ደረሰ። ጸሐፊዋ ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። መስመሩ ወደ ቀኝ ጫፍ ሲጠጋ እጇ ኢንተር ላይ ያርፋል። ሥራውን የተማረችው በጽሕፈት መኪና ነበር። መኪናው ወደ ጫፍ ሲደርስ ደወል ይደውላል፣ ያኔ ጋሪውን መልሶ ወደ አዲስ መስመር መውረድ ግድ ነው። እጇ ያንን አልረሳም። ኮምፒውተር ላይ ግን ኢንተር የሚጫነው አንቀጽ ሲያልቅ ብቻ ነው። በእጅዎ የቆረጡትን መስመር የትኛውም ሴቲንግ አይጠግነውም፤ ፕሮግራሙ ሆን ብለው ያደረጉት ነው ብሎ ያከብረዋል። ግጥም ወይም የስም ዝርዝር ሲጽፉ ደግሞ መስመሩ በፈለጉት ቦታ እንዲቆም ሺፍት ይዘው ኢንተር ይጫኑ። ያኔ በመሐል ሰፊ ክፍተት ሳይፈጠር ወደ ታች ይወርዳል።

ከፒዲኤፍ ኮፒ አድርገው የሚለጥፉም ካሉ ጣጣው ያው ነው። ፒዲኤፉ እያንዳንዱን መስመር እንደተቆረጠ ነው የሚሰጥዎት። መጀመሪያ ዎርድ ላይ ይለጥፉት። «ሪፕሌስ» ከፍተው «ሞር»፣ ከዚያ «ስፔሻል» ውስጥ «ፓራግራፍ ማርክ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ያስገቡና ጽሑፉ ውስጥ በሌለ ምልክት፣ ለምሳሌ በሁለት ኮከብ፣ ይተኩት። ቀጥሎ አንዱን ፓራግራፍ ማርክ በክፍት ቦታ ይተኩ። በመጨረሻ ኮከቦቹን ወደ ፓራግራፍ ማርክ ይመልሱ። በአንቀጾቹ መካከል ባዶ መስመር ካለ ይህ በደንብ ይሠራል። ከሌለ አንቀጾቹም አብረው ስለሚጣበቁ በእጅ መለየት ሊኖርብዎ ነው።

በግድ ፕሌን ቴክስት መላክ ያለበት ሰውም አለ። ለምሳሌ የሊኑክስ ከርነል ላይ (ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት ላይ) የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በኢሜይል ሲልኩ መስመሩ በመሐል ከተቆረጠ ኮዱ ይበላሻል። ለእነሱ የሚሆነው መንገድ «ሴቲንግስ»፣ «ጄነራል»፣ ከገጹ ግርጌ «ኮንፊግ ኤዲተር» ነው። እዚያ መፈለጊያው ላይ «ራፕሌንግዝ» ብለው ይጻፉ፤ በደብልዩ ነው የሚጀምረው። ከፊቱ «ሜይልኒውስ» የሚል ያለበትን መስመር ያገኛሉ፣ ቁጥሩ 72 ነው። 0 ካደረጉት ተንደርበርድ መስመር መቁረጡን ያቆማል። ሌላ ነገር እዚያ ገጽ ላይ እንዳይነኩ አደራ።

72 ከየት መጣ ብለው ይሆናል። የድሮ ኮምፒውተር ስክሪኖች በአንድ መስመር 80 ፊደል ነበር የሚያሳዩት፤ በ1978 የወጣው ቪቲ100 የሚባለው ተርሚናል (ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ስክሪንና ኪቦርድ) ለዚህ የታወቀ ነው። መልስ ሲጻፍ ከፊት ለፊት የሚገቡት የጥቅስ ምልክቶች ቦታ እንዲያገኙ ከ80 ትንሽ ዝቅ ተደረገ። የኢሜይል ደንቡም አንድ መስመር ከ78 ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ ከ998 መብለጥ ግን ክልክል ነው። ይህ ሁሉ ሲወሰን የታሰበው የላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ በዩቲኤፍ 8፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ ሦስት ባይት ስለሚወስድ በባይት ሲቆጠር 998 ማለት ወደ 332 ፊደል ብቻ ነው። አንድ መካከለኛ የአማርኛ አንቀጽ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ 0 ካደረጉ በኋላ ኮንትሮልና ዩ ተጭነው የመልእክቱን ውስጥ ሲያዩ በአማርኛዎ ፈንታ የላቲን ፊደል ክምር ቢያገኙ አይደንግጡ። ረጅሙ መስመር በሰላም እንዲያልፍ ፕሮግራሙ ጠቅልሎት ነው፤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ተፈትቶ በአማርኛ ይነበባል።

አውትሉክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ኢሜይል ፕሮግራም የምትጠቀሙ ደግሞ በነባሩ አውትሉክ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሜይል» ብላችሁ ወደ ግርጌ ስትወርዱ መስመር በስንተኛው ፊደል እንደሚታጠፍ የሚናገር ሳጥን ታገኛላችሁ። 76 ላይ ነው ያለው። እሱም የሚሠራው በፕሌን ቴክስት ብቻ ነው፤ ለተራ ደብዳቤ ኤችቲኤምኤልን መምረጥ ይቀላል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የዚህን ወር ደብዳቤ ለሁሉም እንደገና ከመላክዎ በፊት ሴቲንጉን ይቀይሩና መጀመሪያ ለአንድ ሰው ብቻ ይላኩት። ቢቻል በዕድሜ ገፋ ላሉ፣ የስልካቸውን ፊደል አተልቀው ለሚያነቡ አባል ይሁን። ፊደሉ ሲተልቅ መቆራረጡ ይብሳል፣ ስለዚህ እሳቸው ጋ ደህና ከሆነ ሌላውም ጋ ደህና ነው። አሁንም ከተቆራረጠ ያንኑ ደብዳቤ ለእኔ ይላኩልኝ፤ ፎርዋርድ ሳይሆን አያይዘው። ፎርዋርድ ሲደረግ ፕሮግራሙ መስመሩን እንደገና ሊነካካው ስለሚችል የመጀመሪያውን ቁስል ማየት ያስቸግረኛል።